ሽሮው አይደለም፣ ሻዩ ነው፦ ጓዳ ካለው ነገር ለልጆች የሚሆን እራት



«ዶክተር፣ ከሥራ የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ልጆቹ ርቧቸው ይጠብቁኛል። ቤት ያለው ሽሮና ፓስታ ብቻ ነው። ምን ላብላቸው?» በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጋር ጸጸትም አብሮ ይመጣል። ሥጋ ያልገባበት እራት ልጅን የሚጎዳ እየመሰላቸው የሚጨነቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ድካሙ ያሸንፍና «ዛሬ በቃ በሻይ እንለፈው» ይባላል። ዳቦ በሻይ ተበልቶ ይተኛል።

እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ሽሮው ሳይሆን ይሄ ሻይ ነው። ጓዳችሁ ውስጥ ባለው ሽሮ፣ ምስር፣ ፓስታና ሩዝ ለልጅ የሚበቃ እራት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ምኑን ከምን ጋር እንደምታቀርቡት ማወቁ ነው ዋናው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ለምን ሻዩ?

በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች መካከል 57 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። (የደም ማነስ ስል «ግፊት ማነስ» ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ በጣም ይምታታሉ። የደም ማነስ ማለት ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲቀንስ ነው።) የደም ማነስ መነሻው ብዙ ነው፤ ወባ፣ የሆድ ትላትል፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከዋነኞቹ መነሻዎች አንዱ ግን የአይረን እጥረት ነው።

አይረን፣ በአማርኛ ብረት የምንለው ማዕድን፣ ሥራው ደም መሥራት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል በፍጥነት በሚያድግበት ጊዜ በጣም ያስፈልጋል። አይረን ያነሰው ልጅ ቶሎ ይደክማል፣ ይነጫነጫል፣ ትምህርት ላይ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። አንዳንዱ አፈር ይበላል፣ ግድግዳ ይልሳል። አፈር የሚበላ ልጅ ሲያዩ ብዙ ሰዎች «ወስፋት ነው» ብለው ያልፉታል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይረኑ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ሻዩ እንምጣ። የሻይ ቅጠል ውስጥ ታኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን አይረን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም ሳይገባ እንዲወጣ ያደርጉታል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚገባውን አይረን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ከመጀመሪያውም ከእህልና ከጥራጥሬ ከሚገኘው አይረን ሰውነታችን የሚወስደው ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም። ከዚህች ላይ ግማሹ ሲነሳ ምን ይተርፋል?

ስለዚህ ዳቦ በሻይ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው። አንደኛ፣ የምስሩን ወይም የሽሮውን ቦታ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ዳቦው ውስጥ ያለችውን ትንሽ አይረን ያባክናል። ስኳሩን አልቆጠርኩትም።

ታዲያ ልጁ ምን ይጠጣ? ውሃ። ሻይ የለመደ ከሆነና እምቢ ካለ ምግቡ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀጠን ያለ ይሰጠው፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሻይ ባይለመድ ነው የምመርጠው። ወተትም ከእራቱ ጋር ባይሆን ይሻላል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን አይረን የለውም ማለት ይቻላል፤ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት የሚጠጣ ልጅ ሌላ ምግብ አይበላም። ክሊኒክ ከሚመጡት «ወፍራም ግን ደም የሌለው» ልጆች አንዱ የወተት ልጅ ነው። እናቶች ቡና ላይ ለልጅ ፉት የምታስደርጉትም እዚሁ ላይ ይካተታል፤ ቡናም ያው ነው።

ሽሮን በክብር እንመልከተው

ሽሮ «የድሃ ምግብ» የሚል ስም ወጥቶለት ነው እንጂ የረባ ምግብ ነው። የሽንብራ፣ የአተርና የባቄላ ዱቄት ማለት እኮ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ቅንጣቶች ነው። ላይሲን የሚባለው ቅንጣት እህል ውስጥ ያንሳል፣ ጥራጥሬ ውስጥ ግን ሞልቷል። ጥራጥሬ በበኩሉ የሚጎድለውን ከእህል ያገኛል። እንጀራ በሽሮ፣ ሩዝ በምስር፣ ቂጣ በክክ የምንለው ሁሉ በዚህ ሂሳብ ሲታይ ልክ ነው። አያቶቻችን አሚኖ አሲድ ሳያውቁ ገብቷቸዋል።

የሚቀረው አይረኑን ማስገባት ነው። ጥራጥሬ ውስጥ አይረን አለ፣ ነገር ግን ፋይቴት የሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል። የታሰረውን ለማስፈታት ርካሹ መንገድ ቫይታሚን ሲ ነው። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ማዕድ ላይ መሆን አለበት፤ ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታው ሽሮ አያገለግልም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ እሳት አይወድም። ስለዚህ ሎሚው የሚጨመቀው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ የእንጀራው እርሾም ይረዳል፤ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። በደንብ የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረ ቂጣ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እንግዲህ የማታው ሽሮ እንዲህ ይሁን። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና የተፈጨ ወይም የተፈረፈረ ቲማቲም ጨምሩ፣ ውሃ አፍሉ፣ ሽሮውን በትኑ። ለትንንሾቹ በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ ይሻላል፤ የአዋቂው ሚጥን ከሆነ ያላችሁ፣ የልጆቹን ቀጠን አድርጎ በውሃ ከማሳነስ የተለየ ትንሽ ነጭ ሽሮ ማስቀመጥ ይቀላል። ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ቆስጣ ካለ ደቆስ አድርጋችሁ ክተቱ፣ ከሌለ ካሮት ፈቅፍቁበት። ቆስጣውን የምፈልገው ለቫይታሚን ኤ እና ለፎሌት ነው፤ አይረኑ ብዙም ወደ ደም አይገባም። ካወረዳችሁት በኋላ ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት። ልጆቹ ከኮመጠጣቸው ሎሚውን ተዉትና ጎኑ ላይ ቲማቲም ክተፉ።

አንድ ነገር ላስምርበት፦ ወፈር ይበል። የ3 ዓመት ልጅ ሆድ ትንሽ ነው። ውሃ የበዛበት ሽሮ በሦስት ጉርሻ ሆዱን ይሞላዋል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን «እማዬ ራበኝ» ይላል። ሾርባም እንደዚያው ነው። «ሥጋውን ባይበላም መረቁን ጠጥቷል» የሚሉ እናቶች አሉ፤ መረቁ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ምግቡ ያለው ከታች ነው፤ እሱን ፈጭታችሁ ወይም አድቅቃችሁ ስጡት። ለልጅ ምግብ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ መጨመር ያስፈልጋል፤ ልጅ እንደ እኛ አይወፍርም ብላችሁ ሳይሆን ጉልበት የሚሰጠው ነገር በትንሽ መጠን ውስጥ መግባት ስላለበት ነው። ቫይታሚን ኤም ያለ ስብ በደንብ አይገባም።

የተዘጋጀ ሽሮ የምትገዙ ከሆነ ጓያ እንዳልተቀላቀለበት ከምታምኑት ሰው ግዙ። ጓያን አልፎ አልፎ መብላት ያን ያህል አያሰጋም፤ ለወራት በየቀኑ ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር የማይድን ሽባነት ያመጣል።

ምስር ክክ፣ የችኩል እናት ወዳጅ

ከጥራጥሬ ሁሉ ለማታ የሚሆነው ምስር ክክ ነው። መንከር አይፈልግም፣ ቶሎ ይበስላል፣ ልጅ ያለ ጥርስም ይውጠዋል። ሩዝና ምስር ክክን በአንድ ድስት መሥራት ለደከመ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሽንኩርት በዘይትና በእርድ አቁላልታችሁ 2 ስኒ ሩዝና 1 ስኒ ምስር ክክ አጥባችሁ ጨምሩ፣ ካሮትና ድንች በትናንሹ ክተፉበት፣ 6 ስኒ ያህል ውሃ ጨምራችሁ ክደኑት። ውሃው ሲያልቅ ሩዙ ካልለሰለሰ ትንሽ ጨምሩ። ሲወርድ ሎሚ። አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ የሚታጠብ ሌላ ዕቃ የለም።

አዲስ አበባ የምትኖሩ «ሌላ አገር በ20 ደቂቃ የሚበስል እኛ ጋ ለምን ይቆያል?» ብላችሁ ከሆነ፣ ጥፋቱ የምድጃው አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ፣ ሽንብራና ቦሎቄ ደግሞ በዚህ ሙቀት ብዙ ሰዓት ይፈጃሉ። መፍትሔው ጠዋት ከቤት ስትወጡ መንከር፣ ማታ የነከራችሁበትን ውሃ ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል ነው። መንከሩ ፋይቴቱንም፣ ሆድ የሚነፋውንም ይቀንሳል። ፕሬዠር ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለጥራጥሬ ከዚያ የተሻለ ዕቃ የለም። አለበለዚያ ቅዳሜ ብዙ ቀቅሎ በትናንሹ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥም ያዋጣል።

ቦሎቄን በተለይ ቀዩን፣ ግማሽ በግማሽ አብስላችሁ አታቅርቡ። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ከተነከረ በኋላ እየተንፈቀፈቀ መፍላት አለበት፤ ለሰዓታት በለሆሳስ እሳት ላይ ብቻ መቆየቱ አይበቃም።

ፓስታ

ፓስታ በራሱ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ በዘይትና በጨው፣ ወይም በስጎ ቀለም ብቻ ሲቀርብ ነው። ያኔ ስታርች ብቻ ይሆናል። ስጎው ውስጥ አንድ እፍኝ ምስር ክክ ክተቱ፤ ቀልጦ ስለሚጠፋ «ምስር አልወድም» የሚለው ልጅ እንኳ አያውቅም። ካሮትም ፈቅፍቁበት። የታሸገ ቱና ካለ ለአራት ሰው አንድ ጣሳ ይበቃል። የዓሣ አይረን በቀላሉ የሚገባ ስለሆነ አብሮት ያለውን የምስሩንም አይረን ይጎትታል። ሰርዲን ከሆነ አጥንቱን አትጣሉት፤ ለስላሳ ነው፣ በሹካ ሲደቀቅ ይጠፋል፣ ካልሲየም ያለው እሱ ላይ ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ።)

ኢንዶሚም ስለማይቀር ልጥቀሰው። በሳምንት አንድ ማታ ኢንዶሚ የበላ ልጅ አይታመምም። ግን የቅመሙን ፓኬት ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ጨው ነው። ጥቅል ጎመንና እንቁላል ጨምሩበት።

ቋንጣ፣ እንቁላልና «ደም ይሠራል» የሚባሉት

ብዙ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ የሚረሳ ነገር አለ፤ ቋንጣ። ለልጅ አይረን ስንፈልግ ግን ጓዳ ካለው ሁሉ አንደኛው እሱ ነው። የሥጋ አይረን ከጥራጥሬው በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ፋይቴቱም ሻዩም እንደ ጥራጥሬው አያሸንፉትም፣ አብሮት የተበላውንም ያግዛል። ቦዘና ሽሮ የሚባለው በዚህ ዓይን ሲታይ በጣም ብልህ ምግብ ነው፤ ትንሽ ሥጋ ብዙ ሽሮ ይዞ ይሄዳል። ለልጆች በርበሬ ያልበዛበት ቋንጣ በሙቀጫ ወይም በመፍጫ አድቅቃችሁ በማሰሮ አስቀምጡ። ማታ ከሽሮው ወይም ከፓስታው ስጎ ጋር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምራችሁ በደንብ አፍሉት። ቋንጣው ጨው ስላለው ሌላ ጨው አትጨምሩ። ሳይደቅ ቁራጩን ለትንሽ ልጅ አትስጡ፤ ማኘክ ይከብደዋል፣ ሊያንቀውም ይችላል።

እንቁላል ለፕሮቲን ግሩም ነው፤ አንዱ 6 ግራም ያህል አለው። ከዳቦ በሻይ ይልቅ ዳቦ በእንቁላል ፍርፍር በቲማቲም ቢሆን እራት ሆነ ማለት ነው፣ 10 ደቂቃም አይፈጅም። ለአይረን ብላችሁ ግን በእንቁላል ብቻ አትተማመኑ፤ አስኳሉ ውስጥ ያለው አይረን በደንብ አይገባም።

ቀይ ስር? ቀለሙ ነው ያታለለን። የበሰለ ቀይ ስር በ100 ግራም 1 ሚሊግራም እንኳ አይረን የለውም፤ የበሰለ ምስር በዚያው ልክ ከ3 ሚሊግራም በላይ አለው። ለማነጻጸር ያህል፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊግራም፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለው ደግሞ 10 ሚሊግራም ያህል ያስፈልገዋል። ቀይ ስር ብሉ፣ ጥሩ አትክልት ነው፣ ግን ደም ያነሰውን ልጅ በቀይ ስር ጭማቂ ለማከም አትሞክሩ። ቀይ ጤፍም «በአይረን የታወቀ» ይባላል። ላቦራቶሪ ላይ ሲለካ ብዙ የሚወጣው አንዱ ምክንያት አውድማ ላይ ሲወቃ የሚቀላቀለው አፈር ነው፤ የአፈር አይረን ደግሞ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ጤፍን ለብዙ ሌላ ጥቅሙ እወደዋለሁ፤ ለደም ማነስ መድኃኒት ግን አይደለም።

በጾም ቀን ለቤተሰቡ የሚሠራው ምስርና ሽሮ ለልጆቹም ይሆናል። ነገር ግን ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ ስለማይገኝ ትንንሾቹን በረጅም ጾም ከእንቁላል፣ ከወተትና ከሥጋ አብራችሁ አትከልክሏቸው። ለሕፃናት ጾም ግዴታ እንዳልሆነ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም የሚሉት ነው። ቤት ውስጥ ያለው የጾም ድስት እንዳይነካካ ካሰባችሁ የልጁን እንቁላል በሌላ መጥበሻ መሥራት ይበቃል።

ጓዳውን ራሱን እንየው

የሻገተ ነገር ላይ አልደራደርም። የሻገተ ለውዝ፣ እርጥበት የነካው በርበሬ፣ ሽታው የተለወጠ ሽሮ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ጉበትን ይጎዳል፣ ብዙ ሲቆይ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። በመቀቀልም በመቁላትም አይጠፋም። «ላዩን አንስቼ ታችኛውን» አይሠራም፤ ኑሮው መወደዱን አውቃለሁ፣ ግን ይደፋ። እንዳይደርስ በትንሽ በትንሹ ግዙ፣ በደረቀ ክዳናም ዕቃ አስቀምጡ፣ ከሲንኩ አጠገብ አታድርጉት።

ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ይበናል። መጠኑ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ ዝርግ የሻይ ማንኪያ በታች ነው፤ ለልጅ ከዚያም ያንሳል። ማጊ የምንለው ኩብ ዋነኛው ነገሩ ጨው ስለሆነ ኩብ ከገባ ጨው ይቅር።

የተረፈ ሩዝና ፓስታ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ማታ ምድጃ ላይ አድሮ ጠዋት ለምሳ ዕቃ የሚቋጠር ሩዝ የሆድ መመረዝ ያመጣል፤ ሲቀዘቅዝ የሚያድገው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ካደረ ሩዙን አትመኑት። ወጥ ሲሞቅ ዳር ዳሩ ሳይሆን መሃሉ እስኪፈላ ነው።

ለትንንሾቹ ብቻ

ከ6 ወር በታች የእናት ጡት ብቻ። ከ6 ወር በኋላ ያው የቤቱ ሽሮ፣ ያው ምስር፣ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት ተቀንሶ፣ ወፈር ብሎና ደቆ ሊሰጥ ይችላል፤ የተለየ የፋብሪካ ምግብ ግዴታ አይደለም። አንድ ዓመት ሳይሞላ ማር አይሰጥም፤ ሕፃናትን ሽባ የሚያደርግ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ለውዝና ቆሎ አትስጡ። እናንተ እራት እስክትሠሩ «ይቺን ይዘህ ቆይ» ተብሎ የሚሰጠው ቆሎ የአየር ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል የሚያመጣቸው ልጆች አሉ። ለውዙ ከተፈጨ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ቂጣ ላይ ተቀብቶ ጥሩ መቆያ ነው።

ልጁ አዲስ ነገር ሲቀርብለት እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ አትቆጡትም። ትንሽ አስቀምጡለት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ሞክሩ። አንዳንድ ልጅ አንድን ምግብ ለመቀበል 10 ጊዜ ማየት ይፈልጋል። እናንተ ስትበሉት ካየ ደግሞ ይፈጥናል።

መቼ ወደ ጤና ተቋም?

መዳፉ፣ ከንፈሩ ወይም የዐይኑ የታች ቆብ ውስጡ የነጣ፣ አፈር ወይም ኖራ የሚበላ፣ ሲሮጥ ቶሎ ልቡ የሚመታ፣ ክብደት መጨመር ያቆመ ልጅ ካላችሁ በምግብ ብቻ እንሞክር ብላችሁ ወራት አታሳልፉ። የሄሞግሎቢን ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በቀላሉ ይሠራል። ጉድለቱ ከታወቀ በኋላ የሚታዘዘው የአይረን ሽሮፕ ነው፤ የትላትል መድኃኒትም ሊታከልበት ይችላል። ጎረቤት ስለሰጠችው ወይም ፋርማሲ «ይህን ሞክሪ» ስላለ አትጀምሩ፣ መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው።

ሽሮፑ ሲሰጥ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ይሁን፣ በወተትና በሻይ አይሰጥም። ሰገራው ይጠቁራል፣ አትደንግጡ። ልጁ ከተሻለው በኋላም ሐኪሙ የወሰነው ጊዜ እስኪያልቅ ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ተጨማሪ ሁለት ሦስት ወር ነው፣ የተሟጠጠው ክምችት እንዲሞላ። ጠርሙሱን ደግሞ ከስኳሩና ከሻዩ ጋር ብፌ ላይ አታስቀምጡት። የሚጣፍጥ የአይረን ሽሮፕ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ብዙ ከጠጣው ሕይወቱን የሚያሳጣ መመረዝ ነው። ይህ ከደረሰ ትውከት እስኪጀምር ሳትጠብቁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

የእናንተ ቤት የግማሽ ሰዓት እራት ምንድን ነው? ከሥር ጻፉልን፣ ሌሎች ወላጆችም ያዩታል። የልጃችሁን ዕድሜና ክብደት ጠቅሳችሁ የምትጠይቁኝን ግን በውስጥ መስመር አድርጉት።